መርዶ የማይነገርበት ደሴት

እህቴ አበዛሽ፤

እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? መርፌውን ክረምት ሳይገባ እጨርሳለሁ ብለሽኝ ነበር፤ ጨረስሽው? አባባ እንዴት ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? እማዬስ? ወንድማችን ሳህሌስ? ባልሽ ግሩምና ልጆቹስ? አክስታችን ዘነቡስ? ሌላ ጊዜ ይህን ሁሉ ስጠይቅ መልሱን ሳልጠብቅ ወደ ወሬዬ አልፋለሁ፤ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር እንጂ መልሱንማ በስልክ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ግን አንዱን ጥያቄ እጽፍና እስክሪብቶዬን አነሣለሁ። ከዚያ ሌላውን እጽፋለሁ። ስለዚህ እንደ ሰላምታ ቆጥረሽ አትለፊው። አባባ እንዴት ናቸው? እማዬ እንዴት ናት?

እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ ክላርክስተን፣ ወጥ ቤታችን ውስጥ ተቀምጬ፣ ገና ሳይነጋ ነው። ትልቁን መብራት አላበራሁትም፤ የምድጃው ራስ ላይ ያለችው ትንሿ ትበቃኛለች። ኤርሚያስ መኝታ ቤት ነው። የተኛ ለመምሰል ይተነፍሳል። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ተኝቼ የእንቅልፍ ትንፋሹን የማላውቅ ይመስለዋል።

እማዬ በስልክ የሚሰማ ወሬ አይጨበጥም ስለምትል በዓመት አንድ ጊዜ በእጄ እጽፋለሁ፤ አንቺም ሁሉም ባሉበት ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ። የዘንድሮውን የጎረቤታችን ልጅ ሃኒ ይዛልሽ ትመጣለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትበራለች። ይህን ግን መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ለቤቱ የሚነበበው የመጨረሻው ገጽ ነው።

የሆነው ይህ ነው። ከቤታችን ሰው ሞቷል። ማን እንደሆነ አላውቅም። አጠገቤ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ፤ እኔ እንዳልሰማ እየጠበቁኝ ነው። እየጠበቁኝ መሆኑን እንዳወቅሁ ግን አያውቁም። ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው የምንኖረው። ዛሬ ሰኞ ነው። እንደ ልማዱ ከሆነ ሳይነጋ ሊያረዱኝ ይመጣሉ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ራኬብን በስልክ ታውቂያታለሽ፤ ዲኬተር፣ የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ አብራኝ የምትሠራው፣ ስንነጋገር ከኋላዬ የምትጮኸው። በዓለ ሃምሳ ሳያልቅ፣ ጾም ሳይገባብን፣ በልተን ጠጥተን እንምጣ ብላ ክሩዙን፣ የመርከብ ሽርሽሩን፣ ያስያዘችው እሷ ናት። እሷና ባሏ ፍፁም፣ እኔና ኤርሚያስ። ሐሙስ ገና ጨለማ ሳለ በፍፁም መኪና ወደ ፍሎሪዳ ነዳን፤ ከሰዓት በኋላ መርከቡ ላይ ነበርን። መርከብ ስልሽ ጀልባ እንዳይመስልሽ። ከሩቅ ሲታይ ባሕር ላይ የተገነባ ሰፈር ነው፤ ውስጡ አሳንሰር አለ፣ ገበያ አለ፣ የሚጠፋበት ሰው አለ።

ሐሙስ ደስ ይል ነበር። እውነቴን ነው። ራኬብ የዋና ልብሴን ስታይ በሳቅ አልጋው ላይ ተንከባለለች። የደብረ ብርሃን ልጅ ውሃ የምታውቀው በጆግ ነው፣ እሱንም በረዶ ሠርቶ፣ አለችኝ። አንቺ ሐይቅ ዳር ስለተወለድሽ ዓሣ የሆንሽ ይመስልሻል፣ የሐዋሳ ሰው ዓሣ መጥበስ እንጂ መዋኘት መች ያውቃል አልኳት። ጥፍሬን ቀይ ቀለም ቀባችኝ፣ የራሷንም ቀባች፤ እጄን ከፍ አድርጋ አየችና አሁን ሰው መሰልሽ አለችኝ። ኤርሚያስ እንኳ ሲደንስ አይቼዋለሁ፤ ትከሻው እንዴት እንደሚሠራ ረስቶት ነበር። ይህን የምነግርሽ ኋላ የሆነውን እንድትመዝኚው ነው። ራኬብ ካልተሳደበች ራኬብ አይደለችም።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ላይ ነበርን። ኢንተርኔት የገዛው ፍፁም ብቻ ነው። ስልኩ ጮኸ፤ አየውና ለኤርሚያስ አቀበለው። ኤርሚያስ የኳስ ውጤት ነው ብሎኝ ወደ ሰገነቱ ወጣ። እንቁላሉ ቀዘቀዘ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል፤ የሸሚዙ አንገትጌ እርጥብ ነው። ማን አሸነፈ አልኩት። እኩል ለእኩል አለኝ። ዓርብ ጠዋት ምን ኳስ አለ፣ እትዬ?

ከዚያ ስልክሽን አምጪው አለኝ። የባሕር አየር ያበላሸዋል ብሎ ክፍላችን ካዝና ውስጥ ቆለፈበት። ቁጥሩን ስጠይቀው ረሳሁት አለኝ። ከዓመታት በፊት የሸጠውን መኪና ታርጋ በቃሉ የሚያውቅ ሰው።

የደወልሽለት አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ አስባለሁ። በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ማልቀሱን ለሌላው ትተሽ ስልክ የምታነሺው አንቺ ነሽ። ባሕር ላይ እንዳታረዷት፣ ቤቷ ትግባ፣ ሰው ይሰብሰብላት ብለሽው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ አንቺ አለሽ ማለት ነው። ከዓርብ ጀምሮ እጄ ላይ ያለው እርግጠኛ ነገር ይህ ብቻ ነው። ደግሞ የደወለው ሳህሌ ቢሆንስ እላለሁ። ያኔ ይህን ደብዳቤ ማን ያነበዋል? ይህን ሳስብ እስክሪብቶዬ ይቆማል። አንቺ ብዬ መጻፌን እቀጥላለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ልማዱ እዚህም አልቀረም። ባለፈው ዓመት የቲጂ ወንድም አገር ቤት ያረፈ ጊዜ እኔም ከአረዷት አንዷ ነበርኩ። ቲጂ ከኛ ግቢ ናት፣ ላይኛው ፎቅ ላይ። ባሏ ስልኳ ተበላሽቷል እያለ ደብቆባት ሰነበተና አንድ ቀን ሳይነጋ እታች ፓርኪንጉ ላይ ተሰበሰብን። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ የመኪና በር ሳናጋጭ። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ገሠሠ ባሏን በስልክ ጠየቁት። ማታ በልታ ነው ያደረችው? ልብ ምናምን አያማትም? ከዚያ ወደኛ ዞረው ከኋላ ማን ይይዛታል አሉ። እኔ አልኩ። ደረጃውን በእግራችን ጣት ወጣን። በሩን ከፍታ ሁላችንን ስታይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ነው የጮኸችው። ክብደቷ እስካሁን ክንዴ ላይ አለ። እና እትዬ፣ እኔ ይህን ነገር ከበሩ ውጭ ሆኜ አውቀዋለሁ። ከበሩ ውስጥ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ደሴቱ ጋ ደረስን። ደሴቱ የመርከቡ ድርጅት የራሱ ነው፤ ከመንገደኞቹ በቀር ማንም አይረግጠውም። አሸዋው ነጭ ነው፣ እንደ ፀጉር ተበጥሯል፤ በማሽን ነው የሚያበጥሩት አለን ፍፁም። ወንበሮቹ ሰማያዊ፣ በረድፍ በረድፍ። ዘንባባዎቹ በልክ ተራርቀው የተተከሉ። ምግቡ ከመርከቡ የወረደ ነው፤ ሙዚቃውም ከመርከቡ የወረደ፣ አስተናጋጆቹም። ሲመሽ ሁሉም ተመልሶ ይጫናል። የሚኖርበት ሰው የለም። ውሻ አይጮህበትም። ቤተ ክርስቲያን የለውም፤ መስጊድም። ማንም አልተወለደበትም፣ ማንም አልተቀበረበትም። ቀኑን ሙሉ የፈለግሁት ይህን ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ? አንድ መቃብር። ወይም ማልቀሻ የሚሆን ጥግ። ጥግ የለውም። የትም ብትቆሚ ከየትም ትታያለሽ፤ ፎጣ የያዘ ሰው መጥቶ ይፈገግልሻል።

ፍፁም፣ ሙዚቃ ካለበት የማይጠፋው ሰውዬ፣ ወንበሮቻችንን ከድምፅ ማጉያው አርቆ ዳር ወሰዳቸው። ጆሮዬን አሞኛል አለ። ኤርሚያስ ከጎኔ ተቀመጠ። ስነሣ ይነሣል። ሽንት ቤት ብዬ ስሄድ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ስወጣ ጀልባዎቹን ሲያይ አገኘዋለሁ። በዚያ በኩል ጀልባ አልነበረም። ራኬብ ደግሞ ሳህን ሞልታ ታመጣለች። ብዪ። ይህን ቅመሺ። ምንም አልበላሽም እኮ። እሷ ራሷ አንድ ሐብሐብ እንኳ አልቀመሰችም። ማታ በልታ ነው ያደረችው የሚለው የጋሽ ገሠሠ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። ቲጂን ስንጠብቃት እኔም ምሳ ይዤላት ሄጄ ብዪ ብዪ ብያታለሁ። ሊሰበር ያለን ሰው ነው እንዲህ የሚመግቡት።

ብቻዬን ልራመድ አልኩ። ልከተልሽ አለ ኤርሚያስ፤ ተወኝ አልኩት፤ ዓይኑ ግን ተከተለኝ። በውሃው ዳር ሄድኩ ሄድኩ። ወንበሮቹ አለቁ። አንድ ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱ ጋ ወጣት ጥበቃ ቆሟል፤ ጥርሱ ሁሉ ሳቅ ነው። ይቅርታ እመቤቴ፣ ደሴቱ እዚህ ያበቃል አለኝ። ከገመዱ ወዲያ ግን ደሴቱ ሲቀጥል ይታየኝ ነበር። ያልተበጠረ አሸዋ። ቁጥቋጦ። የተሰባበሩ ወንበሮች ክምር። ጥቁር ድንጋይ ላይ የሚሰበር ውሃ። እዚያ ሰው መጮህ ይችላል አልኩ በልቤ። ልጁን እያየሁ ቆምኩ፤ እሱም እየሣቀ ቆመ። ተመለስኩ። ስመለስ መርከቡ ፊት ለፊቴ ነበር፣ ሰማዩን ግማሽ ዘግቶት። ከዚህ ወዲያ ገመድ፣ ከዚያ ወዲያ መርከብ፣ በመካከል ባሌ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ይፈልገኛል።

ስቀመጥ ራኬብ ከቦርሳዋ ጥጥና አሴቶን አወጣች። ያኔ ነው የራሷን ጥፍር ያየሁት። ባዶ ነበር። ቀለምሽ ተልጧል፣ ያስጠላል፣ ላስለቅቅልሽ አለችኝ። አልተላጠም፤ የሁለት ቀን ቀለም ነው። እጄን ሰጠኋት። ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታጥብ። ቀዩ ጥጡ ላይ ይቀራል። የአሴቶኑ ሽታ ከፀሐይ ቅባቱ ሽታ ጋር ተደባልቆ ናላዬን አዞረው። ለቅሶ ቤት በቀይ ጥፍር እንዳልቀመጥ ነው። የሚመጡት ሴቶች እጄን አይተው እንዳያሙኝ ነው። ይህን ሁሉ አስባልኛለች፤ ቃል ሳትናገር፤ መርከብ ላይ አሴቶን ፈልጋ። ትንሿ ጣቴ ከጠራች በኋላም ማሸቷን አልተወችም። ለማን እንደሆነ የማላውቀው ለቅሶ የተጀመረው እዚያ ነው፤ ከኋላችን ሰዎች ተሰልፈው እየጨፈሩ።

ልመልሳት ፈለግሁ። የቀድሞዋን ራኬብ። ምነው የሐዋሳ ዓሣ፣ ውሃ አይተሽ ፈራሽ? አልኳት። በሌላ ቀን ቢሆን ጭንቅላቴን ይዛ ባሕሩ ውስጥ ትደፍቀኝ ነበር። አይ የኔ እናት፣ ዛሬስ ደክሞኛል፣ አንቺ ብቻ ሪላክስ አድርጊ አለችኝ። የኔ እናት! ራኬብ! ቃሉን ይዤ ቆየሁ። እማዬ ብትሆን ኖሮ ይህ ቃል ከአፏ አይወጣም ነበር፤ ስለዚህ እማዬ አይደለችም። ወይስ አምልጧት ነው? ወይስ ከዓርብ ጀምሮ ስለ እናት ብቻ እያሰበች ስለሆነ ነው ምላሷ ላይ የተገኘው? እንዲህ ነው የዋልኩት። የሰው ቃል እየፈታሁ።

የመርከቡ ፎቶ አንሺ መጣ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ቀልደኛ። እንዲህ ያማራችሁ ሰዎች ሳትነሡ አትሄዱም አለ። ሐሙስ ዕለት በየደረጃው እየቆሙ የተነሡት ሰዎች፣ ሦስቱም በአንድ ላይ እጃቸውን አወራጩ። ፍፁም እንዲያውም ተነሥቶ ከካሜራው ፊት ቆመ፤ እኔን ጋረደኝ። ሰውዬው ደነገጠ። እኔ ግን ገባኝ። ኋላ ቀኑን ሳሰላ፣ በዚያ ቀን የዋና ልብስ ለብሼ ስሥቅ የሚያሳይ ፎቶ እንዳይኖረኝ ነው። ያን ፎቶ ዕድሜ ልኬን እንዳላየው። እንዲህ የሚያስቡልኝን ሰዎች ነበር ቀኑን ሙሉ የጠላኋቸው፣ እትዬ። አየር ነሥተውኛል ብዬ።

ከዚያ ወንበሬ ላይ ተጋደምኩ፤ የፀሐይ መነጽሬን አደረግሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ቤታችን ገባሁ። ከበሩ ጀመርኩ። አባባ በራፉ ላይ፣ የፋብሪካውን ግራጫ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ ሰላም ሲሉ አየኋቸው። አባባ አሉ። እልፍ አልኩ። እማዬ የስኳር ክኒኗን ሳትውጥ ውጬዋለሁ ብላ ስትከራከርሽ። እማዬ አለች። ሳህሌ ባጃጁ ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። እግሩ እስኪነቃነቅ ጠበቅሁ። ተነቃነቀ። አክስታችን ዘነቡ ጓዳ፣ ሬድዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው። ግሩም የተማሪ ደብተር እያረመ። ያብስራና እድላዊት በአንድ ስልክ ሲጣሉ። አንቺ ቆመሽ። አንቺ መቼ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?

ደግሜ ዞርኩ። ሁሉም አለ። ሦስተኛ ዞርኩ። ከዚያ ክፉ ነገር መጣ። መምረጥ ጀመርኩ። ካልቀረ ይሄኛው ይሁን፣ ያኛው ይቅር። ዕድሜ መዘንኩ። በሽታ መዘንኩ። ልጅ ያለውንና የሌለውን መዘንኩ። ለማን ብዬ ይበልጥ እንደምሰበር መዘንኩ። መጨረሻ አንድ ስም አነሣሁና ይሁን አልኩ፤ ይሁን ስል ደግሞ ልቤ ቀለል አለው። ቀለል አለው! በዚያ ሁሉ ፀሐይ ውስጥ ብርድ ብርድ አለኝ። ኤርሚያስ ፎጣ አለበሰኝ። የማንን ስም እንደሰጠሁ አልጽፍልሽም። የመጨረሻው ገጽ ሲነበብ ያ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ እንዲሰማ እለምናለሁ። ብቻ ደሴት እንዲህ ነው። መውጫ ሲጠፋ ሰው ወደ ውስጡ ይሄዳል፤ ውስጡ ያለውን ደግሞ አይወደውም።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ውስጥ ገባሁ። ውሃ ውስጥ ፊቱ የራሰ ሰው ምን ሆንሽ አይባልም ብዬ ነው። እስከ ደረቴ ገባሁ። እስከ አንገቴ። ጀርባዬን ሰጥቼ ጥቂት ላለቅስ። ወዲያው ውሃው ከኋላዬ ተንቦጫረቀ። ኤርሚያስ። ዋና የማይችለው ባሌ፣ የእጅ ሰዓቱን እንኳ ሳያወልቅ። ራኬብም መጣች። ሦስታችን ባሕር ውስጥ ቆምን፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። ሞገዱ ያነሣናል፣ ያስቀምጠናል። ኤርሚያስ በእፍኙ ውሃ እየዘገነ ደጋግሞ ፊቱን ያጥባል። ዓይኑ ቀልቷል። ጨው ነው አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ማነው? ልለው ነበር። አንድ ቃል ነው። ብጠይቀው ይነግረኛል፤ ከዚህ ዓርብ በፊት ዋሽቶኝ አያውቅም። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አየሁት። እዚህ ቆሞ፣ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ፣ ያን ስም ብቻውን ከአፉ እንዲያወጣ ላደርገው ነው። ጋሽ ገሠሠ የሉ። የሚይዘኝ ቢኖር እሱን ማን ይይዘዋል? ደግሞም እስካልጠየቅሁ ድረስ ሁላችሁም አላችሁ። መርከቡ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው? አልኩት። ቶሎ መለሰልኝ፤ በጣም ቶሎ፤ ሸክም እንዳወረዱለት ሰው። ያወቀብኝ መሰለኝ። አላወቀ ይሆናል። ራኬብ ውሃው ውስጥ እጄን ፈልጋ ያዘችው፤ አልተያየንም።

መርከቡ ጥሩምባውን ነፋ። በሰልፍ ተመለስን። መግቢያው ላይ ካርዳችንን እያስነካ የሚያስገባን ልጅ ኮምፒውተሩን አይቶ ደስ እያለው፣ ቤተሰባችሁ ሙሉ ነው፣ ማንም አልቀረም አለን። ፍፁም አንገቱን ደፋ። አመሰግናለሁ አልኩት ልጁን። ከልቤ ነው ያመሰገንኩት፤ ለዚያች ደቂቃ አምኜው ነበር።

እሁድ ጠዋት ከመርከብ ወርደን ነዳን። በዚያ ሁሉ መንገድ መኪናው ውስጥ ሙዚቃ አልተከፈተም። ፍፁም፣ ከሚሠራበት የኖርክሮስ ጎማ መሸጫ እስከ ቤቱ እንኳ ያለ ሙዚቃ ነድቶ አያውቅም። ሲለዩን ራኬብ አቀፈችኝና አልለቀቀችኝም፤ ነገ ሥራ አለሽ አይደል? አለችኝ። አለኝ አልኳት። እሺ አለች። ነገ ሥራ እንደማልገባ፣ ለምና ፈረቃዬን እሷ እንዳስለወጠችልኝ፣ ፊቷ ላይ አነበብኩት።

ቤት ስንገባ ኤርሚያስ ስልኬን የከተተበትን ሻንጣ ሳይፈታ ሶፋውን ወደ ግድግዳ አስጠጋ። ለምን አልኩት። ምንጣፉን ልጠርግ ብዬ አለኝ። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ! ወንበሮች ከቁምሳጥን አወጣና በር ጀርባ ደረደራቸው። ከዚያ ብዪ አለኝ። በላሁ። ራት በልታ ነው የተኛችው ብሎ እንዲነግራቸው ብዬ እስከ መጨረሻው ጉርሻ በላሁ። ጋደም አልኩ። እሱም ጋደም አለ። ሁለታችንም ጣሪያውን ስናይ ቆየንና እኔ ተነሥቼ ወደዚህ መጣሁ። የት ነሽ አላለኝም።

ነጠላዬን ከሣጥን አውጥቼ ወንበሩ ላይ አድርጌዋለሁ። ሲመጡ እንዳይቸገሩ።

አሁን እታች መኪና ቆመ። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት፤ እንደዚያ ቀስ የሚባለው ለዚህ ብቻ ነው። ሌላም መጣ። ራኬብ እንዳትስል ብላ አፏን ይዛ ስትስል ሰማኋት። ይህ እንግዲህ የመጨረሻው ገጽ ነው፤ ለቤቱ የሚነበበው።

አባባ፣ ጉልበትዎን ስሜያለሁ። በጠዋት በራፍ ላይ ሲቀመጡ ብርድ ልብሱን ከጉልበትዎ ወደ ደረትዎ ከፍ ያድርጉት። እማዬ፣ ክኒንሽን አበዛሽ እያየችሽ ዋጪ፤ አፍሽ ውስጥ ደብቀሽ እንደምታወጪው እዚህ ድረስ ይታየኛል። አገላብጬ ስሜሻለሁ። ሳህሌ፣ ወንድሜ፣ ባጃጁን ቀስ ብለህ ንዳ፤ ባለፈው የላክኸው ቪድዮ ላይ ፍሬኑ ይጮሃል፤ አሠራው። አክስቴ ዘነቡ፣ ለሬድዮኑ የሚሆን ባትሪ በሃኒ ልኬያለሁ፤ ዜናውን ሲሰሙ እኔንም ያስቡኝ። ግሩም፣ እህቴን ስለቻልክልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። ያብስራ፣ እድላዊት፣ በተራ፣ በተራ ተጠቀሙበት፤ ማን ይጀምር ካላችሁ እድላዊት ትጀምር። ኤርሚያስም ሁላችሁንም ሰላም ብሏል። እናንተን ያውቃችኋል፤ ለእናንተ ሲል ጨው ባሕር ውስጥ ገብቷል።

የከዘራ ድምፅ ይሰማኛል። ጋሽ ገሠሠ ደረጃውን ጀምረዋል፤ በየእርከኑ ያርፋሉ፤ እንኳንም አረፉ። ኤርሚያስ መኝታ ቤት ውስጥ ተነሥቶ ተቀምጧል፤ አልጋው ተንቋቋ። በሩን እሱ እንዳይከፍተው፣ እኔው እከፍትላቸዋለሁ።

አበዛሽ፣ እህቴ፣ አንቺን መጨረሻ ያደረግሁሽ ስለማምንሽ ነው። ይህን ገጽ ስታነቢ የማንንም ስም እንዳትዘይ። መልስ የማይሰጥ ቢኖር እንኳ ጠርተሽ፣ ቆም ብለሽ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፊ። እኔ ስጽፈው ሁላችሁም ነበራችሁ።

እህትሽ ፋናዬ

ክላርክስተን፣ አትላንታ
ሰኞ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.